የፍሪጃችን ቴርሞስታት የእናቴን ኢንሱሊን እንዴት እንዳበላሸው

ይህን የምጽፈው ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን ለሚያስቀምጡ ቤተሰቦች ነው። ኢንሱሊን የሌለበት ቤትም ቢሆን ፍሪጁ ማስቸገር ከጀመረ ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። እኛ ቤት ሁለት ወር ሙሉ የሆነው ነገር ሌላ ቤት ውስጥ እንዲደገም አልፈልግም።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ያሉት አክስቶቼ ጋቢ ደርበው ሲያመሹ እኛ መስኮት ከፍተን ነው የምናመሸው። በመካከላችን ያለው የሐረጎ ዳገት ነው፤ መንገዱም ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አየሩ ግን የሌላ አገር ይመስላል። ግንቦት ሲገባ ደግሞ የቤታችን ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። ስለዚህ ፍሪጅ ለእኛ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

እናቴ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን መውሰድ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ጠዋትና ማታ ራሷ ትወጋለች። ሰዓቷን አታዛንፍም። በባዶ ሆዷ ስትለካ 130 ወይም 140 ነበር የሚሆነው። ባለፈው ግንቦት ግን ቁጥሩ ሳይታሰብ ወደ ላይ ወጣ። መጀመሪያ 210 ሆነ። ከሳምንት በኋላ 260። አንድ ቀን ጠዋት 310 አየን። እግሬን ቃጠለኝ ትላለች፣ ውሃ ውሃ ይላታል፣ ሌሊቱን ስትነሳ ታድራለች።

እኛ ምን አደረግን? ተቆጣናት። ወንድሜ «ለቡና ቁርስ የቀረበውን ዳቦ ነው የምትጨርሺው» አላት። እኔ ደግሞ ቴምሩን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ለጎረቤት ሰጠሁ። እሷ «ወላሂ አልበላሁም» እያለች አላመንናትም። ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴን ይበላኛል። እናቴ አልዋሸችም ነበር።

እውነቱን ያወጣችው የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። መጠኑን ከመጨመሯ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «እማማ፣ መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?» እናቴ ፍሪጅ ውስጥ አለች። «ፍሪጁ ውስጥ የት?» መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ነው። ነርሷ የተጀመረውን ብልቃጥ እንድናመጣ ነገረችን።

በማግስቱ ወሰድኩት። ደመና የሚመስለው ዓይነት ነው፣ ኤንፒኤች የሚባለው። በመዳፏ መካከል ቀስ ብላ አንከባለለችው። እንዲህ ሲደረግ እንደ ወተት እኩል መሆን ነበረበት። የእኛው ግን ጓል ጓል ይላል። የብልቃጡ ግድግዳ ላይም ነጭ ነገር እንደ አመዳይ ተለጥፏል። «ይኸው፣ በረዶ ነክቶታል» አለችኝ።

ከዚያ ያስረዳችኝን ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይኼ ይበልጣል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከረጋ ግን አለቀ። ቢቀልጥም፣ ቢሞቅም፣ ተመልሶ አይሠራም። ይጣላል። ደመናማው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል፤ ንጹሕ ውሃ የሚመስለው ግን ረግቶ ቀልጦም ደህና መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ «ዓይኔ ደህና ነው ይላል» ብሎ መተማመን አይቻልም። እናቴ ሳምንታት ሙሉ ኃይሉ የሞተ መድኃኒት ነበር የምትወጋው።

ቤት ገብቼ ፍሪጁን ከፈትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። የኋላው ግድግዳ ጣት የሚያህል በረዶ ይዟል። የኢንሱሊኑ ካርቶን ከበረዶው ጋር ተጣብቋል። ከታች መሳቢያ ውስጥ ያለው ቃሪያ መስታወት ሆኗል። ይህን ሁሉ ሳንሰማ የቀረነው ፍሪጁ «ጎበዝ ነው፣ በደንብ ያቀዘቅዛል» እየተባለ ስለሚመሰገን ነው።

ፍሪጃችን ባለ ሁለት በር ነው፤ ከላይ ፍሪዘር፣ ከታች ማቀዝቀዣ። አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ውስጡ ከ1 እስከ 7 የሚል ማዞሪያ አለው። 5 ላይ ነበር። ወደ 2 መለስኩት። በማግስቱ ምንም ለውጥ የለም። ወደ 1 መለስኩት። አሁንም ያው። ሞተሩ ቀንም ሌትም ይጮኻል። ሌሊት ተነስቼ ሁሉ ሰማሁት፣ አያርፍም።

እዚህ ላይ ቶሎ ልበልና፣ ማዞሪያው ላይ ያለው ቁጥር ዲግሪ አይደለም። እኔ ብዙ ዓመት «5 ላይ ነው» ማለት 5 ዲግሪ ነው ብዬ አምን ነበር። ቁጥሩ ያነሰ ቅዝቃዜ፣ የበዛ ቅዝቃዜ ማለት ብቻ ነው። ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚነግረን ቴርሞሜትር ነው።

የባሰው ከሳምንት በኋላ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ፍሪጁ ዝም ብሏል። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ግን የለም። ወተቱ ቋጠረ። በረዶው ሁሉ ቀልጦ ወጥ ቤቱን ውሃ አጥለቀለቀው። ከልክ በላይ ሲያቀዘቅዝ የከረመ ዕቃ ጭራሽ አላቀዘቅዝ አለ።

የመጀመሪያውን ባለሙያ ጠራን። ፍሪጁን ከኋላ ዳሰስ አደረገ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። «ጋዝ አልቋል» አለ። ሞላ። ማዞሪያውን ወዲህ ወዲያ አዟዟረው፣ ሞተሩ ተነሳ። ደስ አለን፣ ከፈልን። ዘጠኝ ቀን ሠራ። በአሥረኛው ቀን የኋላው ግድግዳ እንደገና በረዶ ይዞ አገኘሁት።

ሁለተኛው ባለሙያ መጣ። እሱ ደግሞ «ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፣ መቀየር አለበት» አለ። ሞተሩን ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ የአዲስ ፍሪጅ ግማሽ ያህላል። ወንድሜ ሊስማማ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የደከመ ኮምፕሬሰር እንዴት ቃሪያ እስኪረጋ ያቀዘቅዛል? ይህን ጥያቄ ጠየቅኩት። «አንዳንዴ ያደርጋል» ብሎኝ ሄደ።

መልሱን ያገኘሁት ከደሴ ነው። አክስቴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የፍሪጅ ጠጋኝ ታውቃለች። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስልክ ደወልኩላቸው። ወዲያው እመጣለሁ አላሉም፣ ዋጋም አልጠሩም። ጥያቄ ነበር የሚጠይቁኝ። «ልጄ፣ የኋላው ግድግዳ በረዶው ሁሉንም ቦታ ነው የያዘው ወይስ አንዱን ጥግ ብቻ?» ሁሉንም ነው አልኳቸው። «ሞተሩ ሲሠራ አርፎ ይነሳል ወይስ እንደያዘ ያድራል?» ያድራል አልኳቸው። «ዝም ያለ ቀንስ? ቀጭ እያለ ሊነሳ ይሞክራል ወይስ ጭራሽ ድምፅ የለውም?» ድምፅ የለውም። ትንሽ ዝም አሉና «አብሽሪ፣ ሞተርሽ ደህና ነው። ጋዝሽም ደህና ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉኝ።

እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ምን ማለት እንደሆኑ በኋላ ሲያስረዱኝ ገባኝ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ካልፈሰሰ ሃያ ዓመትም ይቆያል። ጎድሎ ከሆነ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ሰው ገንዘባችንን አየር ላይ ነው የሚበትነው። ጋዝ የጎደለበት ፍሪጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥግ ላይ ብቻ በረዶ ይይዝና ሌላው ቦታ ባዶውን ይቀራል። የእኛው ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር የያዘው። ይህ ጋዙም ሞተሩም ሥራቸውን እየሠሩ እንደሆነ ያሳያል። የጠፋው «በቃ፣ አቁም» የሚላቸው ነው።

ያ የሚያዝዘው ዕቃ ቴርሞስታቱ ነው። ማዞሪያው ከጀርባው ያለው ትንሽ ሳጥን። ጋሼ ቅዳሜ መጥተው ሲፈቱት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ከሳጥኑ እንደ ሽቦ የቀጠነ ረጅም ቱቦ ይወጣል። ውስጡ ባዶ አይደለም፣ ጋዝ አለበት። የቱቦው ጫፍ ሄዶ የሚጣበቀው የኋላው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ሲሞቅ ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ይነፋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ብረት ይገፋል፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት ሁለቱ ኮንታክቶች ይነካካሉ፣ ሞተሩ ይነሳል። ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ጋዙ ይኮማተራል፣ ኮንታክቶቹ ይላቀቃሉ፣ ሞተሩ ያርፋል። ማዞሪያውን ስናዞር የምናጠብቀውና የምናላላው ውስጥ ያለውን ስፕሪንግ ነው። በቃ ይኸው ነው። ባትሪ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያረጅ በሦስት መንገድ ይበላሻል አሉኝ። አንደኛው፣ ኮንታክቶቹ በየቀኑ እየተነካኩ ብልጭ ሲሉ ይቃጠሉና ይጣበቃሉ። ያን ጊዜ ሞተሩ ማቆሚያ ያጣል። የተቃጠለው ኮንታክት ሲጠቁር ደግሞ ቢነካካም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሞተሩ አይነሳም። የእኛ ፍሪጅ አንድ ጊዜ በረዶ፣ አንድ ጊዜ ዝም የሚለው በዚህ ነበር። ጋዝ የሞላው ሰው ማዞሪያውን ሲያዟዙረው የጠቆረው ኮንታክት ለጊዜው ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀመረ፣ ዘጠኝ ቀን ሠራ። እኛ ግን ጋዙ ነው ብለን ከፈልን። ሁለተኛው፣ የቱቦው ጫፍ ከቦታው ይወልቃል። የሚለካው ግድግዳውን መሆኑ ቀርቶ ሞቅ ያለውን አየር ይሆናል፤ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይሠራል። ሦስተኛው፣ ቱቦው ይሰነጠቅና ውስጡ ያለው ጋዝ ይወጣል። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያስነሳ ግፊት የለም፣ ማዞሪያው 7 ላይ ቢሆንም ፍሪጁ ዝም ይላል።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬት ነቀሉ። ይህን ሦስት ጊዜ ነው የደገሙልኝ። የፍሪጁ አምፖል ጠፋ ማለት ኤሌክትሪክ የለም ማለት አይደለም፤ ስፒናው መነቀል አለበት፣ 220 ቮልት ነው። ከዚያ ቴርሞስታቱን በካቻቢቴ ፈተው አወጡና ገመዶቹን ሳይነቅሉ በስልኬ ፎቶ አስነሱኝ። ቀጥሎ ሁለቱን ዋና ገመዶች ነቅለው እርስ በርስ አገናኙ፣ በናስትሮ በደንብ ጠቀለሉ። ከዚያ ስፒናውን ሰኩ። ፍሪጁ ዝም ባለበት ቀን ነበር የመጡት። ሞተሩ ወዲያው እንደ አዲስ ተነሳ። «አየሽ? ኮምፕሬሰር ቀይሩ ያላችሁ ይኼን ነው» አሉኝ።

እንዲህ ተገናኝቶ መተው ግን አይቻልም። ሞተሩ ማቆሚያ ስለሌለው ያለ ዕረፍት ይሠራል። ለምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ እጃችሁ ያልለመደ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አትሞክሩት፣ ባለሙያው ፊታችሁ እንዲያደርገው ጠይቁት። እምቢ የሚል ካለ ሌላ ፈልጉ። ከኋላ ወይም ሞተሩ ላይ አር 600ኤ የሚል ጽሑፍ ያለበት ፍሪጅ ካላችሁም ጠንቀቅ በሉ። ያ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ቱቦውን በእሳት የሚበይድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የተነቀለውን ቴርሞስታት በቴስተር አዩት። በክፍሉ ሙቀት ኮንታክቱ መዘጋት፣ ቴስተሩም መጮኽ ነበረበት። አልጮኸም። በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርገው ሲመቱት ጮኸ። እንደገና ሲመቱት ዝም አለ። ከዚያ ከፍተው አሳዩኝ። ኮንታክቱ ጥቁር ከሰል መስሎ ተበልቷል። ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት እናቴን ሁለት ወር ያሳመመቻት።

አዲሱን ለመግዛት አሮጌውን ይዞ መሄድ የግድ ነው። ሁሉም ቴርሞስታት አንድ አይደለም። ባለ አንድ በር ፍሪጅ የሚወስደውና ባለ ሁለት በር የሚወስደው ይለያያል፣ የፍሪዘር ብቻ የሆነም አለ። የእኛው ላይ ኬ 59 የሚል ተጽፏል፤ በአብዛኛው ለባለ ሁለት በር የሚሆነው ነው። በጽሑፉ ካልሆነ በቱቦው ርዝመትና በእግሮቹ ብዛት ይመሳሰላል። የገዛንበትን ዋጋ ሳስበው ለጋዝ የከፈልነው አራት ቴርሞስታት ይገዛ ነበር።

ሲገጥሙ ያየኋቸው ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ቀጭኑ ቱቦ መታጠፍ የለበትም፤ ከተሰበረ አዲሱ ዕቃ ገና ሳይሠራ ሞተ። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ዙሪያ እያጎበጡ ነው ያስገቡት። ጫፉም አሮጌው እስከነበረበት ድረስ መግባት አለበት። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ልኬቱ ይሳሳትና በረዶው ይመለሳል። ገመዶቹን ደግሞ እንደ ፎቶው መልሰው ሰኩ። የአምፖሉና የሞተሩ ገመድ ከተቀያየሩ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ አምፖሉ ይበራል፣ ወይም ሞተሩ ጭራሽ አያርፍም።

ሥራው አልቋል ብዬ ቡና አፈላሁ። አቦሉን እየጠጡ ሳለ ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። «ይኼ ፍሪጅ ምን ላይ ነው የተሰካው?» ከቴሌቪዥኑና ከምጣዱ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቴስተሩን ሶኬቱ ውስጥ ከተቱት። 168 አለ። 220 መሆን የነበረበት ማለት ነው።

ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ለመነሳት ይቸገራል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስም ያው ነው። ሞተሩ ባረፈ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልበረደም፤ ያን ተሸክሞ መነሳት አይችልም። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። በየጥቂት ደቂቃው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከኋላ ከሰማችሁ ሞተሩ ሲግል የሚያጠፋው መከላከያ እያቋረጠው ነው። ያ የቴርሞስታት ድምፅ አይደለም። መጀመሪያ ቮልቴጁን ነው የምታዩት፣ ከዚያ የሞተሩን ማስነሻ። እኛ ከዚያ በኋላ ለፍሪጁ ለብቻው ሶኬት አወጣን፤ መብራት ሲመለስ ደቂቃዎች ጠብቆ የሚለቅ ስታብላይዘርም ገዛን። መብራት በተመለሰ ቁጥር ሮጦ ስፒና መንቀል ቀረልን።

ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ሳብ አድርገነዋል። ከኋላው ያለው ጥቁር ፍርግርግ በአቧራና በሸረሪት ድር ተሸፍኖ ነበር። ሙቀቱ የሚወጣው በእሱ በኩል ስለሆነ በብሩሽ ጠረግነው። የበሩንም ጎማ በወረቀት ሞከርነው። ወረቀት በሩ መካከል አስገብቶ ዘግቶ መሳብ ነው። ያለ ምንም ችግር ከወጣ ጎማው አልያዘም ማለት ነው። የእኛው ከታች በኩል ላልቶ ነበር፣ በሙቅ ውሃ አጥበን አስተካከልነው።

በረዶውን በቢላ አትፍቁት። እኔ አንዴ ልሞክር ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ቱቦ ከበሳችሁት ያን ጊዜ በእውነት ጋዝ ያልቃል። በሩን ከፍቶ፣ ሙቅ ውሃ በሳህን አስቀምጦ መጠበቅ ነው።

አሁን ስለ ቴርሞሜትር። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ እሱን እንድትገዙ ነው። ርካሹ የመስታወት ቴርሞሜትር ይበቃል። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ክተቱትና ብርጭቆውን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሚገባው በሩ በተከፈተ ቁጥር አየሩ ስለሚለዋወጥ ነው። ውሃው ግን የፍሪጁን እውነተኛ ቅዝቃዜ ይይዛል። ጠዋት ሌላ ሰው ሳይከፍተው እዩት። ከ2 በታች ከሆነ ማዞሪያውን ቀንሱ፣ ከ8 በላይ ከሆነ ጨምሩ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቃችሁ እንደገና እዩ። በየሰዓቱ የሚያዟዙር ሰው ምንም አያውቅም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበርኩ።

እኛ ቤት በሦስተኛው ቀን ማዞሪያው 3 ላይ ሆኖ ፍሪጁ 5 ዲግሪ ላይ ተረጋጋ። የኋላው ግድግዳ አሁን ሞተሩ ሲሠራ ስስ አመዳይ ይይዛል፤ ሲያርፍ ቀልጦ ጠብ ጠብ ይላል፣ በታችኛው ቀዳዳ ይወርዳል። እንደ እኛው ባለ ፍሪጅ ይህ ጤንነት ነው። ውሃ አየሁ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ኖ ፍሮስት የሚባሉት አዲሶቹ ፍሪጆች ሌላ አሠራር አላቸው፤ ብዙዎቹ ሙቀቱን የሚለኩት በሴንሰርና በቦርድ ስለሆነ የእኔ ተሞክሮ ለእነሱ ሙሉ በሙሉ አይሆንም። ቴርሞሜትሩ ግን ለሁሉም ይሆናል።

ኢንሱሊኑን አሁን ከኋላ ግድግዳ አርቀን መካከል ላይ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ፍሪዘር አጠገብ አይሆንም፣ በሩም ላይ አይሆንም። እናቴ የምትጠቀምበት የተከፈተው ብልቃጥ ግን ፍሪጅ ውስጥ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ነርሷ እንዳለችን፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ብዙዎቹ ዓይነቶች 28 ቀን ያህል ይቆያሉ፤ ትክክለኛውን ቀን ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ወይም ፋርማሲ መጠየቅ ነው። የከፈትንበትን ቀን ብልቃጡ ላይ እንጽፋለን።

ፍሪጁ አልሠራ ባለበት ሳምንት እናቴን የረዳት የቆየ ዘዴዋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ጋ ደርሶ መብራት ጠፍቶ በሰነበተበት ጊዜ የተማረችው ነው። ብልቃጡን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ዕቃ ትከድነዋለች። ዕቃውን ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ታስገባለች። ማሰሮውን እርጥብ አሸዋ ባለበት ሰፊ ሳህን ላይ አድርጋ በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍነውና ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ ታኖረዋለች። ውሃው ሲተን ማሰሮው ይቀዘቅዛል። እንደ ፍሪጅ 5 ዲግሪ አይደርስም፤ ግን ከቆርቆሮው ሙቀት ያድናል። በደረቁ ወራት ይበልጥ ይሠራል፤ ክረምት ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ይቀንሳል። ጨርቁ እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

የነርሷ አዲስ ብልቃጥ በተጀመረ በአምስተኛው ቀን የእናቴ ስኳር 180 ገባ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን 142። ማሽኑን ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁና «እማ፣ አውፍ በይኝ» አልኳት። ሳቀች። «አልሃምዱሊላህ፣ እኔማ እያበድኩ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ወንድሜ ቴምር ገዝቶ መጣና አንድ ፍሬ እንድትበላ ለመናት። ግማሿን በላች።

ይህን ወሬ የሰሙት ጎረቤታችን ያሉ እትዬ እሳቸውም ኢንሱሊን ይወስዳሉ። የእሳቸው ፍሪጅም የኋላ ግድግዳው በረዶ ይይዛል። ትናንት ማታ ብርጭቆውንና ቴርሞሜትሩን ወሰድኩላቸው። ዛሬ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ተጣሩ። 1 ዲግሪ ላይ ነው። ማዞሪያውን ዝቅ አድርገን ነገ ጠዋት ልናየው ተስማምተናል፤ ካልተለወጠ ለጋሼ እደውላለሁ።